ቦርጭ ላጠፋ ወጥቼ ለቅሶ አስነሳሁ

ዛሬ ጠዋት በሕይወት ያለ ሰው ልቀብር ምንም አልቀረኝም! እናንተ ሳቁ፤ እኔም መሳቅ የጀመርኩት ገና አሁን ነው።

ነገሩ የመጣው ከፋሲካ ነው። የዓመት ፈቃዴን ይዤ ይፋግ እናቴ ዘንድ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ስል በቃ ተቀመጥኩ! ዶሮው ይመጣል፣ ጥብሱ ይመጣል፣ እርጎው ይመጣል። «በቃሽ» የሚል ሰው ብቻ አልመጣም።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ሥራ ልገባ ስል የቀሚሴ ዚፕ ወገቤ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ገፋሁት።

ተበጠሰ!

ስለዚህ ዳይት! ቁርስ የተቀቀለ እንቁላል፣ እራት ጎመን፣ በየጠዋቱ ሩጫ። ዩቲዩብ ላይ አንድ አሠልጣኝ «ትንፋሽ ሲያጥርሽ ቆመሽ ሁለት እጅሽን አናትሽ ላይ አድርጊ» ይላል። ሰውዬው የእኛን ሰፈር አያውቅም!

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ። የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ አይደል? ከጉና የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ያለኝ ቱታ ጥቁር ነው። ጆሮዬን የሸፈንኩበት ሻርፕም ጥቁር ነው። ልብ በሉ።

ቁልቁለቱን ጥሩ ሮጥኩ። ስመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሼ አለቀ። ቆምኩና ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጫንኩ። የቆምኩት ደግሞ የት ነው?

እትዬ የሽ በር ላይ!

እትዬ የሽ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ሞላ የሐሞት ጠጠር ሊያስወጡ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ገብተው ትናንት ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ከማታ ጀምሮ ደግሞ የሚያስታምማቸው ልጃቸው ስልክ አያነሳም። እንግዲህ እትዬ በሩን ሲከፍቱ ያዩት ምንድን ነው? በማለዳ ሮጣ የመጣች፣ ጥቁር የለበሰች፣ እጇን አናቷ ላይ የጫነች ጎረቤት! እዚህ አገር ይህ መርዶ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

«ሞላዬ! ወይኔ ሞላዬ!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

«ኧረ... እት... አይ...» እኔ ነኝ። ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ማለክለኬ ሳግ መሰላቸው።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ አዱኛ ጡሩምባቸውን ይዘው ደረሱ። አንዷ ጎረቤት እኔን አቅፋ «አይዞሽ፣ ለአንቺም እንደ አባት ነበሩ» እያለች ታለቅሳለች። ነበሩ!

በመጨረሻ ትንፋሽ አገኘሁና ጮህኩ። «ማንም አልሞተም! ስፖርት እየሠራሁ ነው!»

ያቀፈችኝ ጎረቤት ለቀቀችኝ።

«ስፖርት?» አሉ ጋሽ አዱኛ። «እና ሞላ?»

«ስለሳቸው ምንም አላውቅም!»

ይህችን ባልል ይሻል ነበር። እትዬ ቀና ብለው «እስቲ ደውዪ፣ ልጄ» አሉኝ። የልጃቸውን ቁጥር አወጡልኝ። ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም።

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀ። እውነት ቢሆንስ? ወደዚህ ሰፈር ስገባ እቃዬን ከመኪና ያወረዱልኝ ጋሽ ሞላ ናቸው። እመቤቴን ለመንኳት።

በአራተኛው ተነሳ!

ያነሱት ራሳቸው ጋሽ ሞላ! ልጅየው ለካ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አጠገባቸው ሲበራ አይተው ነው።

«አለህ? ሞላዬ አለህ?» አሉ እትዬ።

«የት እሄዳለሁ? ርቦኛል እንጂ! ደሞ ማነው እዚያ የሚያለቅሰው?»

የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም! ነገሩን ሲሰሙ «እሷ ስለሮጠች ነው እኔን የቀበራችሁኝ?» ብለው ሊስቁ ጀመሩና «ወይ ስፌቴ!» አሉ።

ከዚያማ እትዬ በደስታ ገንፎ አገነፉ። ቅቤው መሃሉን ሞልቶታል። «ብዪ እንጂ! ለሞላ ጤና ስትይ ብዪ!» ሲሉኝ ምን ልበል? እንዲያ አስለቅሻቸው ዳይት ላይ ነኝ ልበል? ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ።

ስወጣ ጋሽ አዱኛ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ከእንግዲህ ልትሮጪ ስትይ ለእድሩ አስቀድመሽ አሳውቂ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም።

ይኸው ቤቴ ተጋድሜያለሁ። ጋሽ ሞላ ደህና ናቸው፣ ቦርጬም ደህና ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈር ሰው ሳይሞት መሮጥ ይቻላል?