ሰው የማይቆጥሩት የጋሼ ዋቁማ በሮች

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ፈጣሪ ዓለምን ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ‹‹ይኼስ አልበዛም ወይ?›› ብሎ የጠየቀ የሚመስል። ጎሬም አላት፣ ኖፓም አታጣም። የመቱ ድርሻ ግን ከሁሉም ይልቃል፦ ክቡር ጋሼ ዋቁማ፣ የገነት በር ዘበኛ፣ የሰማይ ቤት ተጠሪ በኢሉባቦር።

ጋሼ ዋቁማ ዣንጥላ አይዙም። ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ በሚያለቅስበት አገር፣ ‹‹ዝናቡን የላከው እሱ ነው፤ እኔ ማን ነኝና ጨርቅ ዘርግቼ የምመልስበት?›› ይላሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ከግንቦት እስከ ጥቅምት እንደ ታጠበ ጎመን እየተንጠባጠበ ይሄዳል። ሬዲዮ፦ ‹‹ይህም ዓለም ነው!›› ፎቶ፦ ‹‹ይህም ዓለም ነው!›› ኳስ፣ ቀለም የተቀባ ጥፍር፣ ባለ አበባ መጋረጃ፦ ዓለም፣ ዓለም፣ ዓለም። ሁሩሙ ገበያ ማር ይሸጣሉ። አንድ ክፉ ሰው ንቦች እሑድም እንደሚሠሩ ነግሯቸው ኖሮ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ‹‹ከሰባት አንዱ እጅ ኃላፊነቱ የናንተ ነው›› ብለው ሳያስጠነቅቁ አይመዝኑም።

የመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያናቸውን ኪቦርድ ገባ ብለው ተዉት። ሁለተኛውን የተዉት ወንበሩ መደገፊያ ስላለው ነው፤ ‹‹የተደገፈ ጸሎት እንቅልፍ ነው!›› በመጨረሻ በግቢያቸው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ምእመናኑ ባለቤታቸው እትዬ መታሰቢያ፣ ልጆቻቸው፣ ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ሲቲን እኚህ ሰው ቤት ምን አገባት? ሲቲ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናት፤ መቱ ውስጥ ሠርግ ትቀርጻለች። እናቷ በእንጉርጉሮ ስላሳደጓት ግን ሙሽራ እየቀረጸችም ጆሮዋ ሌላ ነገር ይፈልጋል። አንድ የሐምሌ ከሰዓት ሱቅ ጥግ ተጠልላ ሳለ፣ የጋሼ ዋቁማ ቤተሰብ በሰልፍ እየዘመረ በፊቷ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ይሄዳል። ሲቲ ልቧ ቀለጠ። ‹‹ከተማው ይስቅባቸዋል እንጂ አያውቃቸውም›› አለች ለራሷ።

ስለ እነሱ ልትሠራ ያሰበችው ፊልም ተቀምጠው የሚያዩት ዓይነት አይደለም። ተመልካቹ ስልኩ ላይ ከተደረደሩት በሮች አንዱን ይመርጣል፣ በጣቱ ያንኳኳል፤ በሩ ሲከፈት ከውስጥ ያለው ሰው ስለ ራሱ ይነግረዋል።

‹‹ፊልም? ይህም ዓለም ነው!›› አሉ ጋሼ ዋቁማ ገና ሳትቀመጥ።

‹‹በሩን የሚመርጠው እኮ ተመልካቹ ራሱ ነው፣ ጋሼ።››

 ነገሩ ገባቸው። ‹‹አዳምም የመረጠው ራሱ ነበር… የተሳሳተ በር ቢያንኳኳስ? ይባረራል?››

‹‹አይባረርም፤ ተመልሶ ሌላ ያንኳኳል።››

‹‹ሆደ ቡቡ ነሽ ልጄ። እኔ ብሆን አባርረው ነበር።››

በመጨረሻ ፈቀዱ፣ ግን በውል። የማንም ፊት አይቀረጽም፤ እጅ፣ እግርና ድምፅ ብቻ። ያልወደዱት በር ካለ፣ ሕዝብ ከማየቱ በፊት ይነቀላል። ሲቲ ‹‹ስንት ልጆች አሉዎት?›› ስትል ግን እባብ የረገጡ ያህል ደነገጡ።

‹‹ሰው ይቆጠራል እንዴ! ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ አገር በመቅሠፍት መመታቱን አልሰማሽም? እኔ ልጅ አልቆጥርም። ለሁሉም በር አብጂላቸው፤ አለቀ!››

ሲቲ ወደ ጓዳ ገባች። እትዬ መታሰቢያ ጎመን ይከትፋሉ።

‹‹እትዬ፣ ጋሼ ‹ለሁሉም› ሲሉ እዚህ ያሉትን አምስቱን ማለታቸው ነው?››

እትዬ ቀና አላሉም። ‹‹እኔ የወለድኩት ስድስት ነው። እሳቸው ባይቆጥሩ እኔ ቆጥሬያለሁ።›› ቢላዋው ጥቂት ቆመ። ‹‹ቡሬ ሂጂ።››

ቡሬ ያለችው የበኩር ልጃቸው ዶሪ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ፋሲል የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ከማኅበሩ ውጪ የሆነ ሰው አገባች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ስሟን በአፋቸው አላነሱም።

‹‹አባ ማለዳ ሲጸልይ የልጆቹን ስም በተራ ይጠራል›› አለቻት ዶሪ ቡሬ ድረስ ለሄደችው ሲቲ፣ ልጇን ታቅፋ። ‹‹መጀመሪያ የኔ ነበር የሚጠራው። አሁን ከሁለተኛው እንደሚጀምር እማዬ ነግራኛለች። እኔ ቤት አልፈልግ፣ ርስት አልፈልግ። ስሜን አንዴ ይጥራኝ።›› ከዚያም ወደ ድምፅ መቅጃው ጠጋ ብላ አንጎራጎረች፦

ዝናብ ቢዘንብብኝ ዛፍ ያስጠልለኛል፣
ያባት ሆድ ሲጨክን ማን ይጋርደኛል።

ቀረጻው አራት ወር ፈጀ። ሲቲ በእነዚያ ወራት ለመዝሙራቸው መጥታ ጋሼ ዋቁማን ራሳቸውን ወደደች። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሥራውን ያስቆሙና ‹‹የጸሎት ሰዓትሽ ደርሷል፤ የሰው ሥራ ይቆያል›› ብለው፣ ከሳሎኑ አንድ ጥግ አስጠርገው፣ ልጆቻቸውን ጸጥ ያሰኙላታል። እናቷ በታመሙ ጊዜ አንድ ማሰሮ ማር ላኩ፤ የእሑዱ ተቀንሶ።

ፊልሙ ቅዳሜ በመቱ አዳራሽ ሊታይ፣ ዓርብ ጠዋት ሲቲ ስልኳን ይዛ ቀረበች። ጋሼ መጀመሪያ የራሳቸውን በር አንኳኩ። የገዛ ጸሎታቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቆመው፣ አርባ ደቂቃ ሰሙ።

‹‹ይኼ ሰውዬ›› አሉ ሲጨርሱ፣ ‹‹ሲጸልይ ያምርበታል።››

የሚስታቸውን ከፈቱ፤ የልጆቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ቆጥረው ስለማያውቁ አንድ በር መብዛቱን አላዩም። የመጨረሻውን ሲነኩ፣ እንደ ሌሎቹ ሳይሆን በሩ ከወዲያ በኩል ሲንኳኳ ተሰማ።

‹‹አባ፣ ዶሪ ነኝ።›› እንጉርጉሮው ተከተለ። ከበሩ ሥር ሁለት ጽሑፍ ወጣ፦ ‹‹ይከፈት››፣ ‹‹ይቆይ››።

 ጓዳ ውስጥ የእትዬ ቢላዋ ቆመ።

‹‹ማን ፈቀደልሽ?››

‹‹እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ለሁሉም ብለውኝ።››

ጣታቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ‹‹ንቀዪልኝ›› ሊሉ ነው ብላ ሲቲ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ቀስ ብለው ‹‹አንቺ… ደኅና ነሽ?›› አሉ። ጠበቁ። እንደገና ጠበቁ። ‹‹ለምን አትመልስም?››

‹‹አትሰማዎትም፣ ጋሼ። የተቀዳ ነው።››

‹‹የምትሰማኝ የት ነው?››

‹‹ቡሬ ነዋ።››

‹‹ታዲያ አራት ወር ሙሉ ‹አንኳኳ፣ ይከፈትልሃል› እያልሽ ያደከምሽኝ በምን ቤት ነው!›› ብለው ተነሡ። ‹‹መታሰቢያ! ጫማዬን! አንቺም ልበሺ!››

ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩን ሬዲዮ አስዘጉት፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጫት የያዘ ሰው ገሠጹ። ጎሬን ሲያልፉ ግን የጫማቸውን ማሰሪያ ደጋግመው ፈትተው ያስሩ ጀመር። እትዬ መታሰቢያ እጃቸውን በጋሼ እጅ ላይ አኖሩ። ሲቲ ከኋላ ተቀምጣ በልቧ በእናቷ ዜማ አንጎራጎረች፦

ደጅ መዝጋት አይደለም የቤቱ ጥንካሬ፣
ልጅ ያለበት ሁሉ ቤት ነው እስከ ቡሬ።

ቡሬ ይዘንባል። ከፋሲል ቤት የስፌት መኪና ይሰማል። ሲቲ ካሜራዋን አነሣች፤ ፊልም ሠሪ ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው ፍጻሜ ከፊቷ ቆሟል። ጋሼ ዋቁማ እጃቸውን ዘረጉ፣ መለሱ፣ ‹‹ይኼ በር ደግሞ እንጨቱ ደካማ ነው›› ብለው አጉረመረሙ፣ ከዚያ አንኳኩ።

‹‹ማነው?›› አለች ዶሪ ከውስጥ።

 ጋሼ ወደ በሩ ተጠጉ። ‹‹ዶሪ›› አሉ። ‹‹ዶሪ፣ ኢንተለ ኮ። ልጄ።››

በሩ ሲከፈት ሲቲ ካሜራዋን አጥፍታ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። አንዳንድ በር ለሚያንኳኳው ሰውና ለሚከፍተው ሰው ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ጸሎት ተሰማ። ጋሼ ከበኩር ጀምረው በተራ ጠሩ፤ የዶሪ ስም ቀደመ። ሌሎቹ ተከተሉ። የፋሲል ስም ጋ ሲደርሱ ትንሽ ሳል ያዛቸው፣ ግን ጠሩት። የልጅ ልጃቸው ተጠራች። ያበቁ ሲመስል፣ ‹‹ሲቲንም አስብ›› አሉ፣ ‹‹በዝናብ ደጅ የቆመችውን ልጄን።››

ሲቲ ግድግዳውን ተደገፈች። ዕንባና ዝናብ ተቀላቅሎባት ‹‹አልሐምዱሊላህ›› አለች፣ ማንም የሚሰማት ሳይመስላት።

‹‹አሜን!›› አሉ ጋሼ ዋቁማ ከውስጥ፣ ቡሬን በሚያነቃ ድምፅ።