መንገድ የማያስፈልጋት መኪና

አራቱም ጎማዋ የሚስብ መኪና የሚነዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? መንገድ ስታሳዩት የሰደባችሁት ያህል ይቆጣል።

እኔን ያጋጠመኝ በዚያ ክፉ ቀን፣ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ የእርዳታ ስንዴ ስንወስድ ሾፌራችን ዘሪሁን ነበር። መቼም የመኪናዋን ጥቅም አልክድም፤ ያንን ሁሉ ዳገት እንደ ፍየል ወጣችው። ጉዳቷ አንድ ነው፤ አገር በተራበበት ዘመን የሚነዳትን ሰው ታጠግባለች።

ከላላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ስንት ወር የተለመነው ዝናብ ወረደ። የመንደሩ ሽማግሌ ሸህ ይመር ከዳር ቆመው፣ "ልጄ፣ በበቅሎው መንገድ ዙር። ማሳው ጥቁር አፈር ነው፤ ይይዝሃል" አሉት።

"አባቴ፣ የእኔዋ አራቱም ይስባል!" ብሎ ማሳው መሃል ገባ።

እውነቱን ነው፤ አራቱም እኩል ሰመጡ።

ሸህ ይመር መንደሩን ጠሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም ስንዴውን በየአቁማዳው እየተካፈለ፣ በዝናቡ እየበሰበሰ፣ እልል እያለ በበቅሎው መንገድ ተሸክሞት ሄደ። ዘሪሁን ግን መኪናዬን ትቼ አልሄድም ብሎ ዝናቡን ሲራገም ቀረ። በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ ዝናብ የረገመ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ጭቃ ለብሶ፣ ተርቦ፣ በእግሩ መንደሩ ገባ። ሸህ ይመር የሚጨስ ንፍሮ ይዘው ከደጅ ተቀበሉት።

"አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደህና ገባህ! ና ብላ ልጄ። የእርዳታ ስንዴ መጥቶልን ነበር፤ ለተቸገረው ሁሉ ስናድል አንተንም አልረሳንህም።"