የክብርት ቫልማይ ሮዝ ቀለም

በአገራችን አንዲት ቫልማይ የሌለባት የገጠር ከተማ የለችም። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ፣ ባንኩ ሊነሳ፣ ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ብቅ ሊል ይችላል፤ ቫልማይ ግን አለች። «በእኛ ከተማ እንዲህ ያለች ሴት የለችም» የሚል ሰው ካለ ሚስቱን ልብ ብሎ ይያት።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቫልማይ ክራዶክ ይባላሉ። ቤታቸው ከቤቴ ቀጥሎ ነው። በመካከላችን ያለው የእንጨት አጥር ዝቅ ያለ ስለሆነ ከአስተዳደራቸው የምሰወርበት ቦታ የለኝም። የአካባቢው የዱር እንስሳ በሙሉ፣ ክንፍ ያለውም፣ ሆዱ ላይ የልጅ መያዣ ከረጢት ያለውም፣ እሾህ የለበሰውም፣ በእሳቸው ጥበቃ ሥር ነው። የዱር እንስሳት ረጂዎች ማኅበር የሰጣቸው የተንከባካቢነት መታወቂያ አላቸው፤ ሥልጣኑን ከመታወቂያው በላይ ያሰፉት ግን ራሳቸው ናቸው።

የሥልጣናቸው ዋና መሣሪያ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ነው። እኛ ዘንድ የፍራፍሬ ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን መረብ ያለብሰዋል፤ አለዚያ የሚደክመው ለሌሊት ወፍ ነው። የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የሌሊት ወፏ ትተበተብበታለች፣ ስትታገልም ክንፏ ይቀደዳል። ስለዚህ ክብርት ቫልማይ የማንም ግቢ ውስጥ ዘው ብለው ይገቡና ጣታቸውን ወደ መረቡ ይሰዳሉ። ጣት ካላለፈ መረቡ ደህና ነው። ካለፈ «ጣቴ ገባ፣ የኔ ማር» ይላሉ። ይህች ቃል በከተማችን ከፍርድ ቤት መጥሪያ በላይ ትፈራለች።

እኔ በዓመታዊው የግብርና ትርኢት ላይ የማቀርበው በለስ አለኝ። አንድ ጊዜ መረቤ ላይ ጣታቸው ሲገባ አየሁና «ቫል፣ ያንቺ ጣት እኮ ቀጭን ነው» አልኳቸው። ባለቤታቸውን ዴስን ጠርተው የእሱን ወፍራም ጣት አስገቡ። እሱም ገባ። ዴስ ይቅርታ በሚጠይቅ ዓይን አየኝ፤ እኔም መረቡን ለማውረድ መሰላል ላመጣ ሄድኩ።

ሽማግሌው መርቭ በተቀበረ ዕለት ሰዉ ከቀብር ተመልሶ፣ ሳንድዊች ይዞ፣ ሐዘንተኛዋ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ክብርት ቫልማይ ባልቴቷን አቅፈው ጉንጯን ሳሟት።

«በርቺ፣ የኔ ማር። መርቭ ደግ ሰው ነበር።» ዓይናቸውን ወደ ጓሮ ወረወር አደረጉ። «የኮክ ዛፉ መረብ ግን ጣቴን አስገባ።»

ባልቴቷ ሳንድዊቿን አስቀምጣ መቀስ ልታመጣ ገባች።

የዎምባቶቹን፣ የእነዚያን ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ ድብልብል እንስሳት፣ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ዎምባት እከክ ሲይዘው ሐኪም ቤት የሚሄድ እንስሳ አይደለም። ክብርት ቫልማይ ጉድጓዱ በር ላይ ክዳን ያንጠለጥሉና መድኃኒት ያኖሩበታል፤ ዎምባቱ ክዳኑን ገፍቶ ሲወጣ መድኃኒቱ ጀርባው ላይ ይፈሳል። ለዚህ የሚስማማው የትልቁ አይስክሬም ዕቃ ክዳን ነው። ስለዚህ ከተማው አይስክሬም እንዲበላ ታዟል።

«ሐኪሜ ስኳር ቀንስ ብሎኛል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንተ ክዳኑን ስጠኝ። ውስጡን ለዴስ ስጠው።»

ቤታቸው መግባትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በየበሩ እጀታ ላይ የትራስ ልብስ ተንጠልጥሏል፤ በየትራስ ልብሱ ውስጥ እናቱን መኪና የገጨበት የካንጋሮ ግልገል ተኝቷል። ግልገል ደግሞ ከረጢት የመሰለ ነገር ሁሉ እናቱ ይመስለዋል። አንዲት የኢንሹራንስ ሠራተኛ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አንጠልጥላ ስታወራ አንዱ በጭንቅላቱ ተወርውሮ ገባበትና ሁለት ረጃጅም እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ። «እንዳትነኪው፣ አሁን ገና ተኛ» አሏት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን የወሰደችው በማግስቱ ነው።

ጮክ ብሎ ማውራትም ክልክል ነው፤ ግልገል በድንጋጤ ይሞታል። ዴስ ዕድሜውን ሙሉ የበግ ፀጉር ሲሸልት የኖረ፣ ድምፁ ሜዳ የሚሻገር ሰው ነበር። አሁን እግር ኳስ የሚያየው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ ነው። ቡድኑ ሲያገባ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳና አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ያለ ድምፅ ይጮኻል። በመስኮት ያየው እንግዳ ሰው አንዴ ልጆቹን ይዞ መንገዱን ተሻግሯል።

ዋናው ግርማቸው ግን የሚታየው መንገድ ላይ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካንጋሮ ወደ አስፋልት ስለሚወጣ፣ ክብርት ቫልማይ በዚያን ጊዜ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ብቻ ይነዳሉ። ከኋላቸው የወተት መኪናው፣ የከብት ጫኚው፣ ፖሊሱም ጭምር ይሰለፋል። ሞታ የወደቀች ካንጋሮ ባዩ ቁጥር ደግሞ ይቆማሉ፤ እናት ሞታ ግልገሉ ከረጢቷ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላልና። ወርደው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ይፈትሻሉ። ሲጨርሱ በድኗን ከመንገድ ጎትተው ያወጡና በሮዝ ቀለም ትልቅ መስቀል ይረጩባታል። ትርጉሙ «ታይቷል፣ እለፉ» ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግ ሰው በከንቱ ቆሞ ራሱ እንዳይገጭ ነው።

አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ኖሮኝ አብሬያቸው ሄድኩ። መንገድ ዳር ጥቁር ነገር አዩና ቆሙ። ወረዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ተመለሱ።

«ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው።» የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ነበር። ከዚያ ቀለሙን ይዘው እንደገና ወረዱ።

«ጎማ ላይ መስቀል ታደርጊያለሽ?»

«እኔን ያታለለ ሌላውንም ያታልላል፣ የኔ ማር።»

ጥርሴ እየጠዘጠዘኝ ጎማ እስኪባረክ ጠበቅኩ።

የከተማው ሰውም ዝም አይላቸውም። በድን ላይ ጎንበስ ብለው ያየ ሁሉ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ «ቫል፣ ለእራት ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ፍጥነትህን ቀንስ፣ የኔ ማር» ይሉታል። ይህን ቀልድ ያመጣሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው በየመጠጥ ቤቱ አይጠፋም። ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ወደ ጎን ልተወው። ባለፈው ግንቦት፣ ሊመሽ ሲል፣ አጥሬን በእጇ የደበደበችው ጎረቤቴ ቫል ናትና።

«ኮል፣ መኪናህ ነዳጅ አለው?»

ዴስ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ደረቱን በመዳፉ ተጭኖታል። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ለደረሰ አደጋ ሄዶ ስለነበር ይቆያል ተብሏል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

«እኔ እነዳለሁ» አለች።

«አትነጂም» አለ ዴስ። «በሕይወት መድረስ እፈልጋለሁ።»

ስለዚህ እኔ ነዳሁ። ዴስ ከጎኔ፣ እሷ ከኋላው ተቀመጠች። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈጥኜ ነድቼ አላውቅም፤ ከኋላ ወንበር ግን ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አልመጣም። የዴስ ነገር የምር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ፈራሁ።

ለሆስፒታሉ ትንሽ ሲቀረን፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር አንዲት ካንጋሮ ወድቃለች። ገና አሁን የተገጨች ናት። እግሬ ከልማድ የተነሳ ነዳጁን ላላ አደረገ።

«መስቀል የላትም» አለ ዴስ። ዓይኑን የጨፈነ መስሎኝ ነበር።

«ንዳ፣ ኮል» አለች ቫል።

«ሆዷ ተንቀሳቀሰ እኮ፣ ቫል።»

«አይቻለሁ። ንዳ።»

ነዳሁ። በመስታወት ሳያት ወደ ኋላ አልዞረችም። የዴስን ሸሚዝ ከትከሻው ላይ ጨምድዳ ይዛዋለች። ይህች ለጎማ የቆመች ሴት ናት።

ሆስፒታል ስንደርስ ዴስን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዱት፤ በሩ ተዘጋ። ቫል ጫማዎቹን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ሻይ ላምጣልሽ ብላት አልፈለገችም። ስለ ካንጋሮዋ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ትንሽ አየር ልውሰድ ብዬ ብድግ ስል፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

«ሹራብህ ሱፍ ነው?»

«ሱፍ ነው።»

«ጥሩ።»

እኔ ደም ማየት አይሆንልኝም። በሙት ካንጋሮ ለዓመታት የቀለድኩ ሰው፣ ድልድዩ ጋ ደርሼ እጄን ወደ ከረጢቷ ለመስደድ ስንት ጊዜ ዘርግቼ ስንት ጊዜ እንደሰበሰብኩ አልነግራችሁም። እናቲቱ መቀዝቀዝ ጀምራለች። ከረጢቱ ውስጥ ግን ይሞቃል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። መጀመሪያ እግር ነካሁ፣ ቀጥሎ ጆሮ። ፀጉር ያወጣ፣ ከድመት የማይበልጥ ግልገል ነው፤ ልቡ መዳፌ ላይ ይመታል። በሹራቤ ጠቀለልኩት፣ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ሬዲዮውን አጠፋሁና በስድሳ ተመለስኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ጥሩምባ ነፉብኝ። ይንፉ።

ቫል እዚያው ነበረች። ሐኪሙ ወጥቶ አነጋግሯታል፤ የተዘጋውን የደም ሥር ከፍተውለታል፣ ይተርፋል ተብላለች። (ተርፏልም። አይስክሬም ተከልክሏል፤ የሆስፒታሉን ቴሌቪዥን ድምፁን ከፍተው ቢያበሩለት ደግሞ ጫጫታው አስቸገረኝ ብሎ አዘግቶታል።) ይህን ስትነግረኝ እጆቿ ግልገሉን ለመቀበል ተዘርግተዋል። ሹራቡን ገለጥ አድርጋ አየችው፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ካፖርቷ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፤ ግልገሉ እንዳይደነግጥ ነው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህችን ሴት እወዳታለሁ። በዚያ ዝቅ ያለ አጥር ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አፍንጫዋን ጠረገች።

«መስቀሉን አደረግክ?»

«የምን መስቀል?»

«ኮል።»

«ቀለም የለኝም እኮ፣ ቫል።»

የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። ባሏ ደረቱን ይዞ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያዘጋጀችው ቦርሳ ነው። የዴስ ፒጃማ አለ፣ የዴስ መነጽር አለ፣ የዴስ መድኃኒቶች አሉ፤ ከሥር ሮዙ ቀለም አለ።

«ሌላ ሰው ይቆማል» አለች። «በጨለማ። ለባዶ ከረጢት።»

ስለዚህ እንደገና ወደ ድልድዩ ሄድኩ። በድኗን ጎትቼ ከመንገዱ አወጣሁ፤ የመኪናዬን መብራት አበራሁና ረጨሁ። የመጀመሪያው መስመር ተጣሞብኝ ላቃናው ስታገል አንድ ከባድ መኪና አጠገቤ ዝግ አለ። ሹፌሩ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ የማላውቀው ግዙፍ ሰው ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«ወዳጄ፣ ለእራት ነው?»

ቀና አላልኩም።

«ፍጥነትህን ቀንስ፣ የኔ ማር» አልኩት።