ለማኙ ባለ ሚሊዮን

ደብረ ታቦር ውስጥ የራሱን ገንዘብ ፈጥሮ የሚያወጣ ሰው አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ፤ ለዚያውም ወንድሜ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሚሊዮን ዲጂታል ሳንቲም ሊፈጥር ተነሥቶ፣ ገና ሳይወለድ «ጉና» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሳንቲሙ የሚወጣው እውነተኛ ገንዘብ በማይዘዋወርበት የተማሪዎች መለማመጃ አውታር ላይ ስለሆነ ሻማ እንኳ አይገዛም። የመለማመጃ ሀብታሞች ግን እንዲህ ናቸው፤ ምንም ለማይገዛ ገንዘብ ከብሔራዊ ባንክ ገዥ በላይ ይጨነቃሉ።

መሪጌታ አባታችን ነገሩን የሐሰት ብር ማተም አድርገው ያዙት። ቅዳሜ ጠዋት «ይህ ኮምፒውተር ዛሬውኑ ይሸጣል!» እያሉ ገቡ። እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት ወንድሜን።

«እየለመንኩ ነው፣ አባዬ።»

«ሚሊዮን የሚያወጣ ሰው ይለምናል?»

«ሳንቲሙን አውታሩ ላይ ለማውጣት በመለማመጃ ሳንቲም የሚከፈል ክፍያ ያስፈልጋል። የሚከፈለውን ሳንቲም ለሚማር ሰው በነጻ የሚያድል ድረ ገጽ አለ። ግን መጀመሪያ ‹ሰው መሆንህን አረጋግጥ› ይለኛል።»

አባታችን ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሳቸውም በልጅነታቸው በገሳይ መንደሮች ቁራሽ እየለመኑ ነው ቅኔ የተማሩት።

«ደጁ ላይ ውሻ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ! እኛን ውሻው ሰው መሆናችንን እያወቀ ነበር የሚነክሰን።»

ሦስታችንም ሳቅን። ጥቂት ቆይቶ ምጽዋቱ ደረሰ፤ ሚሊዮኑ ጉናም ተፈጠረ። አባታችን ስለ መሸጥ ሳያነሡ ስልካቸውን ዘረጉለት።

«ለእኔም ላክልኝ።»

«አባዬ፣ ምንም እኮ አይገዛም!»

«ሰምቻለሁ። ተማሪ ለምኖ ያመጣውን ግን ብቻውን አይበላም።»