ምስር የምታህለው አበባ ወገን ያገኘችበት ዜና

ሊቀ መሳቢያ የተባሉት የዕፅዋት ቤተ መዘክሩ ሹም ወንበራቸውን በያዙ በዘጠነኛው ዓመት፣ የምድር ቤቱ ማራገቢያ መሽከርከር በተወ በሁለተኛው ክረምት፣ ዓይነ ንስር፣ እጀ ረቂቅ፣ ጉልበታቸው ብቻ የሚያምፅባቸው የዕፅዋት ተመራማሪ እቴቴ ማጉያ፣ ጡረታቸው ሦስት ወር ሲቀረው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የለፉበትን አዲስ የዕፅዋት ወገን ፍለጋ ወደ ታላቁ የዝናብ ደን ዘመቱ።

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ መንገድ ቢጠፋውም የማያምነው ሾፌር፤ ከእባብ ይልቅ አልቅት የሚፈራው ምግብ አብሳይ፤ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብላ የስፌት መኪናዋን ዘግታ የተነሣች ታናሽ እህታቸው፤ ለቅጠል ማድረቂያ የሚሆን አርባ ኪሎ አሮጌ ጋዜጣም።

ወእምዝ በሣልስት ዕለት፣ ዝናቡ ከላይም ከጎንም በወረደ ጊዜ፣ እቴቴ ማጉያ ዳገቱ አንሸራተታቸውና በተከበረው መቀመጫቸው እስከ ጅረቱ አፋፍ ወረዱ፤ በዚያም ከበሰበሰ ግንድ ሥር ምስር የምታህል ነጭ አበባ አይተው፣ ጭቃቸውን ሳይጠርጉ ማጉያቸውን አውጥተው፣ ልታነሣቸው የሮጠችውን እህታቸውን እንዲህ ሲሉ አወጁባት፦ «ባለሽበት ቁሚ! እግርሽን እንዳታሳርፊ፣ ልትረግጫት ነው!» እህታቸውም በአንድ እግሯ ቆማ መልሳ አወጀች፦ «እትዬ፣ እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ሽመላ አይደለሁም!»

ወደ ቤተ መዘክሩም በተመለሱ ጊዜ ሊቀ መሳቢያ አበባዋን ከሩቁ ዓይተው፣ «ይቺማ የምናውቃት አረም ናት፤ ከነባሩ ወገን መሳቢያ ትግባ!» ሲሉ ፈረዱ፤ ነባሩን ወገን በወጣትነታቸው የሰየሙት ራሳቸው ነበሩና። እቴቴ ማጉያም ከሰበሰቧቸው አበቦች አንዷን በሙቅ ውሃ አለስልሰው፣ በመርፌ ከፍተው፣ ከአራት መቶ አሥራ ሁለት የደረቁ ዘመዶቿ ጋር አምስት ቀን አመሳከሩ፤ የእነዚያ ቅጠለ አበባ የተነጣጠለ፣ የእሷ እንደ ኩባያ የተጋጠመ፤ የእነዚያ ዘር ባለ ክንፍ፣ የእሷ መላጣ ሆኖ ተገኘ። ሊቀ መሳቢያም ተጠርተው በማይክሮስኮፑ ላይ ሲያጎነብሱ ሻያቸው ቀዘቀዘ፤ ቀና ብለውም፣ በሕንፃው ተሰምቶ የማያውቅ አዋጅ አወጁ፦ «ተሳስቻለሁ። አዲስ መሳቢያ ይምጣ።»

እቴቴ ማጉያም ዓይናቸውን በነጭ ጋዋናቸው እጅጌ እየጠረጉ ለእናታቸው ደወሉ፤ እናትዬዋም በስልክ፣ «ትበላለች ወይ ልጄ? ለመድኃኒትስ ትሆናለች?» ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ኧረ ምንም አታደርግም እማዬ። አለች። በቃ፣ አለች።»

ኦ እቴቴ ማጉያ፣ ድል አድራጊተ ጭቃ፣ እመ ወገን! ስምሽ በአደባባይ ባይለፈፍም፣ ከደረቀችው አበባ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏልና ለዘላለም ይኑር፤ ብል ቢመጣም ናፍታሊን አለ።