በሐረግ ያጌጠ አቤቱታ

እጅ ጽሑፉ ያማረ ሰው ትልቅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ በአገራችን የሰው ማዕረግ ከፍ ባለ ቁጥር ጽሑፉ ይበላሻል። የተራ ሠራተኛ ፊርማ ይነበባል፤ የክፍል ኃላፊው በግምት ይታወቃል፤ የዋናው ኃላፊ ግን ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። ሐኪሙንማ ተዉት፤ እሱ የጻፈውን የሚያነቡት ፈጣሪና መድኃኒት ሻጭ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ልጃችሁ ደብተሩን እየሞነጫጨረ ከመጣ አትቆጡት። ሹመት እየተለማመደ ይሆናል።

እኔን ግን የሚቆጣኝ አላጣሁም። አጎቴ ሰሜን ጎንደር፣ ድብ ባሕር ከሚባለው አገር አቅራቢያ ዳዊትና ድርሳን በብራና የሚጽፉ መሪጌታ ነበሩ። ብርዕ መቅረጽ፣ ቀለም መበጥበጥና ፊደልን አቁሞ መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ ሐረግ መጣልን አስተማሩኝ፤ ማለትም በመጽሐፍ መግቢያ ገጽ አናት ላይ እንደ ሹሩባ እየተጠላለፈ የሚሠራውን ባለቀለም ጌጥ። አንዲት ፊደል ከተጣመመችብኝ፣ «ምነው ይችን ሆዷን አመማት?» ብለው ያስደግሙኛል። እኔም «እሽ አያ» ብዬ እደግማለሁ። ፊደሎቼ እንዲህ በጤና አደጉ። የታመምኩት እኔ ነኝ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ጎንደር ከተማ አንድ የንግድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የአገሪቱን ኢኮኖሚ ላቃና ነበር ሐሳቤ። ብዙም ሳልቆይ እጄ ታወቀብኝ። ከዚያ በኋላ የምስጋና ወረቀት እኔ፣ የስብሰባ መፈክር እኔ፣ የሠራተኛ ልጅ ሲዳር የጥሪ ካርድ እኔ። ዲግሪዬ መሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ቀኝ እጄን ብቻ ሆነ። ቀሪው አካሌ እጄን ቢሮ ድረስ ለማድረስ የሚከተል አጃቢ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ መሐል ለሁለተኛ ዲግሪ የሚልክ አንድ የትምህርት ዕድል መጣ። ተፈተንን፤ አንደኛ ወጣሁ። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ አስጠሩኝና ወንበር ሳቡልኝ። አለቃ ወንበር ሲስብላችሁ ተጠንቀቁ።

«ሂድ ብልህ ደስ ባለኝ ነበር» አሉ። «ግን ማን ይጽፍልናል?»

«ሌላ ሰው ይለምዳል እንጂ።»

«ተው እባክህ! እጅ እንደ ማኪና ጎማ የሚቀየር መሰለህ?»

ዕድሉ ለባልደረባዬ ለይርጋ ተሰጠ። የይርጋ ጽሑፍ ለራሱ ለይርጋም አይነበብም ነበርና መሥሪያ ቤቱ ያለ እሱ መክረም ይችላል። የአቶ ደምሴ ሚስት ዘመድ መሆኑን ባነሳ ምቀኛ ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ አላነሳም። የመሸኛ ምስክር ወረቀቱን ማን እንደ ጻፈለት ግን መናገር አለብኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። ቢላዋውን ስሎ ያቀበለ በሬ ግን ከእኔ በፊት የተሰማ አይመስለኝም።

ዝም አላልኩም። ለበላይ አቤት ልል ተነሣሁ። አእምሮው የተስተካከለ ሰው ቢሆን ፒያሳ ብቅ ብሎ በታይፕ ያስጽፋል። እኔ ግን ቤቴን ዘግቼ ብርዕ ቀረጽኩ። ያማረ ነገር ይነበባል ብዬ ነዋ! ወፍራም ወረቀት መርጬ፣ ከአናቱ ሐረግ ጥዬ፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በቀይ ቀለም አድርጌ፣ በደሌን እንደ ድርሳን ጻፍኩት።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አስጠራኝ። ሰብሳቢው በቤተ ክህነት ያደጉ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን ከፖስታው ሳብ ሲያደርጉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ሐረግ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ነውና ሊሳለሙት ምንም አልቀራቸውም።

«ይኼን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እጅህ ይባረክ! እስቲ ይችን ሐረግ እዩልኝ!»

ወረቀቱ እጅ በእጅ ዞረ። አንደኛው አባል ከጌጡ መሐል ወፍ አገኘ። ሌላኛዋ አባል የሠርግ ካርድ እጽፍ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሐረጉ በታች የወረደ ሰው ግን አልነበረም።

«አባቴ፣ ጉዳዩ ከሥር ነው ያለው» አልኩ።

«እናየዋለን። ግን ልጄ፣ እኔ ስንት የተበደለ ሰው አቤቱታ አይቻለሁ። የተበደለ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይደፋበታል፣ መስመሩ ይዘምምበታል። ይኼ የጠገበ ሰው እጅ ነው። አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?»

ቅሬታዬ ውድቅ ሆነ። ወረቀቱ ግን ውድቅ አልሆነም፤ በክብር እንዲቀመጥ ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ወደ መሥሪያ ቤታችን ተመለሰ። አቶ ደምሴ መስታወት ውስጥ አስገብተው ከቢሯቸው ቁም ሣጥን በላይ ሰቀሉት። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ይርጋ በሁለተኛ ዲግሪው ወንበሩን ወረሰ። ግድግዳውንም አብሮ ወረሰ። እኔ የምስጋና ወረቀት እጽፋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ከሳንጃ ሰሊጥ የሚያመጡ ነባር ነጋዴ፣ የንግድ ፈቃዳቸው ታግዶባቸው ይርጋ ቢሮ ገቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሐጂ ቀና ሲሉ ጉዳያቸውን ረሱ።

«ሱብሃነላህ! ምን ያለ ሸጋ ነገር ነው! ምን ይላል ልጄ? ዓይኔ አልደርስ አለው።»

ይርጋ ወደ ላይ አየ። ከዚያ እኔን አየ። እኔም አየሁት።

«የድሮ ጸሎት ነው፣ ሐጂ» አለ።

ሐጂ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሚን! የለመነውን ይስጠው!» ብለው ፊታቸውን አበሱ። በዚህ ሁሉ ዘመን አቤቱታዬን የደገፈ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አላነበቡትም።

ይርጋ ስለ ጉዳያቸው «ሌላ ቀን ይመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ከዩኒቨርሲቲም ከመሪጌታም ያልተማርኩትን ምክር ሰጠኋቸው።

«ሐጂ፣ አቤት ማለትዎ ካልቀረ በራስዎ እጅ ይጻፉት። ቀለም ቢደፋበትም ግድ የለም። እንዳያምር ብቻ አደራ!»