የውጭ ጉዳይ ዱዓ

እኔ የምለው፣ እናንተ ሰፈር አሚን ማለት ያስፈራል? እኛ ከሚሴ ድሮ አያስፈራም ነበር። ሽማግሌ እጁን ከዘረጋ አሚን ነው። ዝናብ ይዝነብ ቢሉ አሚን፣ ላሟ ትውለድ ቢሉ አሚን። ትንፋሽ ለመሳብ ቆም ካሉም አሚን ነው። ምን እንደተባለ ማን ይሰማል? አንዴ አንድ ሼህ በዱዓ መሃል አስነጥሰው ሰርገኛው በሙሉ አሚን ብሏል። ወላሂ! ማስነጠሱም በእኔ ሞንታርቦ ነው የወጣው።

ሥራዬ ይሄው ነው፤ ሞንታርቦ አከራያለሁ። ለሰርግ፣ ለመውሊድ፣ ለስብሰባ። ከጨፋ ሮቢት እስከ ባቲ በእኔ ማይክ ያልተናገረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ሰሞን የሃይማኖት አባቶች አዳራሽ ሲጠሩ እኔም ከነሽቦዬ ተጠራሁ።

ስብሰባው ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ውጭ ጉዳይ! ሳቃችሁ አይደል? እኔም ስቄ ነበር። መንግሥታችን ከባሕር ማዶ ካለ አንድ አገር ጋር ተኳርፏል። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ትደርሱበታላችሁ። ስብሰባውን የጠራው ኃላፊ፣ ገና ጎልማሳ ነው፣ ኩርፊያው በዱዓ መደገፍ አለበት አለን። ዱዓውም ከላይ ተጽፎ መጥቷል። አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያረፈበት። መጀመሪያው ለእኛ ምርቃት ነው። ታች ያለው ግን እርግማን ነው፤ የዚያን አገር ስም ጠርቶ ሕንፃው ይፍረስ፣ ቤቱ ሰላም ይጣ ይላል።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። ልጄ ዘሐራ እዚያ አገር ናት። ሰው ቤት ስትሠራ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሕንፃው ይፍረስ? አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት እኮ ልጄ! ቤቱ ሰላም ይጣ? የምታድረው እዚያው ቤት አይደል? እርግማን እኔን እየጠየቀ የዘሐራን በር አይዘልልኝ! አዳራሹን ቃኘሁት። እዚያ አገር ልጅ ወይ እህት የሌለው ማን አለ? የሁሉም ፊት አመድ መስሏል። እንቢ እንዳይባል ደግሞ በሩ ጋ አንዱ ቆሞ በስልኩ ይቀርጸናል። አሚን ያላለ ሰው ምስሉ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ብል ልጄ፣ ባልል እኔ። ፈራሁ። የማሽኑን ቁልፍ ይዤ ያ ረቢ፣ መብራቱን አጥፋልን አልኩ። ሌላ ቀን አሥር ጊዜ የሚሄደው መብራት የዚያን ቀን ፍንክች አላለም።

ሼህ ይማም ማይኩን ያዙ። ከሚሴ ውስጥ ዱዓ ሲባል እሳቸው ናቸው። ምርቃቱን አወረዱት፤ እኛም አሚን፣ አሚን አልን። እርግማኑ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን ራቅ አደረጉ፣ ቀረብ አደረጉ፣ ከዚያ ዓይኔ እንቢ አለኝ አሉ። አቤት ሼህ! ባለፈው ሰሞን ሰንበቴ ከተማ ገበያ የፍየል ጥርስ ሲመረምሩ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። "ኢልመ ኪያ፣ ልጄ፣ አንተው አንብበው፤ እኛ አሚን እንላለን" ብለው ወረቀቱንም ማይኩንም ለኃላፊው አስታቀፉት።

እኛ ዘንድ ለምርቃት መዳፍ ወደ ላይ ነው፣ ለእርግማን ወደ ታች። ሼሁ እጃቸውን ገለበጡ፤ አዳራሹም ገለበጠ። ኃላፊው "ያ አሏህ፣ ያንን አገር..." አለና ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። እህቱ እዚያው አገር እንዳለች የማያውቅ የለም፤ ያደረገው ጫማ እንኳ እሷ የላከችለት ነው። ትንፋሹ ብቻ በሞንታርቦዬ ይሰማል። ቆም ካሉ ምን እንደምንል ነግሬአችሁ የለ? አዳራሹ በአንድ ድምፅ "አሚን!" አለ።

ኃላፊው ወረቀቱን እጥፍጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተና ዱዓው ተፈጽሟል አለ። ሪፖርቱም እንዲሁ ተጽፎ ሄደ። በር ላይ ተቃቀፍን፤ ሼህ ይማም በሁለቱም ዓይናቸው ጠቀሱኝ።

እቤቴ ስገባ ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እጃችንን ገልብጠን አሚን ብለናል። ግን ለምኑ? ያ ባዶ የቀረው ቦታ፣ ማን ነው የሚሞላው? ሁለት ቀን ስልኬን ታቅፌ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ዘሐራ ደወለች። "አካም ጂርታ አባ" ብላ ደህንነቴን ስትጠይቅ አልሐምዱሊላህ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። እዚያም በቴሌቪዥን አንድ ሼህ ከወረቀት እያነበቡ ስለ እኛ አገር ዱዓ አደረጉ አለችኝ። የምትሠራላት እመቤት አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ወደ ታች ገልብጣ ነበር።

እሳቸውም መሃል ላይ ቆም ብለው ይሆናል አልኳት። አልቆሙም አለችኝ፤ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"አንቺስ አሚን አልሽ?"

 "እያየችኝ ነበር አባ" አለች።

"ደግ አደረግሽ ልጄ" አልኳት። "ደግማ ካየችሽ ጮክ አድርገሽ በይ።"